እግረኛና ጥላ

ሰው በእግሩ ሲሄድ መልካም ነገር አደረገ ይባላልን? ጥያቄው ቀልድ ይመስላል። መቼም እንቁላል እንኳ ቀስ በቀስ በእግሯ ትሄዳለች በሚባልበት አገር በእግር መሄድ እንደ መተንፈስ ነው፤ ማንም መልካም ወይም ክፉ ብሎ አይሰይመውም። ነገር ግን ዛሬ በብዙ አገር የሐኪሞችና የከተማ ፕላን አውጪዎች ንግግር እዚህች ነጥብ ላይ እየተገናኘ ነው። ሰፈሩ አረንጓዴ ከሆነ፣ መንገዱ ለእግረኛ ከተመቸ፣ ሱቁና ትምህርት ቤቱ ከቅርብ ከተገኘ፣ ነዋሪው ይንቀሳቀሳል፤ የተንቀሳቀሰም ጤና ያገኛል ይላሉ። እንግዲህ ይህን አባባል ወስደን ከዞብል ተራሮች ግርጌ በተዘረጋው በቆቦ ሜዳ ላይ ብናቆመው ይቆማል ወይ? እኛን ያከራከረን ይህ ነው።

ቆቦን ላላየ አንባቢ ጥቂት እንበል። ከወልድያ ተነሥቶ በጎብዬና በሮቢት አድርጎ ወደ ሰሜን የሚሄድ መንገደኛ ሜዳውን በዓይኑ ከማየቱ በፊት በሙቀቱ ያውቀዋል። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ግድም ነው። በስተምዕራብ የደጋው ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ በስተምሥራቅ ዞብል ሜዳውን ከአፋር ይለየዋል፤ ወደ ሰሜን ዋጃና አላማጣ ይከተላሉ። ሆርማትና ጎሊና ከደጋው የሚያወርዱትን ጎርፍ ገበሬው እየጠለፈ ወደ ማሳው ያስገባል፤ ማሽላው ከራሱ ሰማይ ዝናብ ይልቅ የሰው አገር ዝናብ የሚጠባበቅበት ዘመን ብዙ ነው። ከተማይቱ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚወስደውን አስፋልት ተከትላ የተዘረጋች ናት። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የራያ ቆቦ ወረዳ ሕዝብ 220 ሺህ ግድም ሲሆን፣ ከዚህም እጅግ የሚበዛው የገጠር ነዋሪ ነበር። የገጠር ነዋሪ ማለት ደግሞ በዚያ አገር እግረኛ ማለት ነው። ገበያ የሚወጣው በእግሩ ነው፤ ወፍጮ ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ለቅሶ፣ ሰርግ፣ ፍርድ ቤት፣ ሁሉም በእግር ነው። ግመል የሚነዳውም ቢሆን ግመሉን ጭኖ እሱ ከጎኑ ይራመዳል እንጂ አይቀመጥበትም።

ከመካከላችን አንዱ ይህን ርእስ ባነሣ ጊዜ ወዲያው የተሰጠው መልስ፣ «ለራያ ሰው ስለ እግር ጉዞ መስበክ ለዓሣ ስለ ዋና መስበክ ነው» የሚል ነበር። ሣቅን። ነገሩ ግን በሣቅ የሚያልፍ አይደለም፤ ምክንያቱም በዚች አጭር መልስ ውስጥ ሁለት ፍርዶች ተሸሽገዋል። የመጀመሪያው፣ የቆላው ሰው ጥንቱንም ይራመዳልና ሐኪሞቹ የሚመኙለትን ነገር አግኝቶታል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ስለዚህ የመንገድ ዳር ዛፍና የእግረኛ መንገድ ለእሱ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው የሚል ነው። ሁለቱንም አንቀበልም። ለምን እንደማንቀበል ለማስረዳት ግን ሩቅ ዞረን መምጣት አለብን።

በ1953 እ.ኤ.አ. ጄረሚ ሞሪስ የተባለ የብሪታንያ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አወጣ። የለንደን ባለሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ላይ ሁለት ሰዎች ይሠራሉ፤ አንዱ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይነዳል፣ ሌላው ትኬት እየቆረጠ ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። ሁለቱ አንድ አውቶቡስ፣ አንድ ከተማ፣ ተቀራራቢ ኑሮ ይጋራሉ። የልብ በሽታ ግን ትኬት ቆራጮቹን ከሾፌሮቹ ይልቅ በጥቂቱ ሲይዝ፣ ሲይዝም ቀለል ብሎ ሲይዝ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የተጻፈው ስፍር ቁጥር የለውም። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ጎልማሳ በሳምንት ቢያንስ ከ150 እስከ 300 ደቂቃ የሚደርስ መጠነኛ እንቅስቃሴ ያዝዛል። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጄምስ ሳሊስና ባልደረቦቹ በ10 አገሮች በሚገኙ 14 ከተሞች ከ6,800 በላይ ሰዎችን የሚመለከት ጥናት በዚያው መጽሔት አወጡ፤ ሰዎቹ ወገባቸው ላይ መለኪያ መሣሪያ ታጥቀው የዋሉ ናቸው። መናፈሻ በብዛት ባለበት፣ መንገዶቹ እርስ በርስ በሚገናኙበት፣ ቤቶቹ ተቀራርበው በተሠሩበትና የሕዝብ ማመላለሻ በማይርቅበት ሰፈር የሚኖሩት፣ ይህ ሁሉ በሌለበት ሰፈር ከሚኖሩት ይልቅ በሳምንት ከ68 እስከ 89 ደቂቃ የሚደርስ ብልጫ ነበራቸው። ይህ ከሚታዘዘው 150 ደቂቃ ግማሽ ያህል ነው። ማንም አልሰበካቸውም፤ ሰፈሩ ራሱ አስኬዳቸው።

ከ14ቱ ከተሞች አንዱም በአፍሪካ ያለ አልነበረም። ታዲያ የእኛ እግር የሚቆጠረው በምንድን ነው? በመጠይቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አገሮች የሕዝባቸውን እንቅስቃሴ የሚለኩበት መጠይቅ አለው፤ በኢትዮጵያም ተሠርቶበታል። መጠይቁ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ በሥራህ ላይ ምን ያህል ትንቀሳቀሳለህ፣ ከቦታ ወደ ቦታ ስትሄድ ምን ያህል ትራመዳለህ፣ ለመዝናናትስ ምን ያህል? ከዚያ ደቂቃውን በጉልበቱ መጠን ያባዛዋል፤ መጠነኛውን በ4፣ ከባዱን በ8፣ የእግር ጉዞን ደግሞ በ4። ድምሩ በሳምንት 600 ከሞላ ሰውየው በቂ እንቅስቃሴ አድርጓል ተብሎ ይመዘገባል።

አሁን አንዲት ሴት እናስብ። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን አዝላ በየቀኑ ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት ውሃ ትቀዳለች እንበል፤ አንድ ሰዓት ስንል ቸር ሆነን ነው። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው። የመጠይቁን ሒሳብ በቀላሉ በኩል፣ እንደ ተራ የእግር ጉዞ እንያዝላት። 60 ደቂቃ በ7 ቀን 420 ይሆናል፤ 420 በ4 ሲባዛ 1,680። ከሚፈለገው ሦስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው! በወረቀቱ ላይ ይህች ሴት የተሟላ ስፖርተኛ ናት። አዲስ አበባ ውስጥ ማለዳ ተነሥቶ፣ የስፖርት ጫማውን አጥልቆ፣ በሳምንት 7 ሰዓት ሶምሶማ ሳይሆን ዝም ብሎ የሚራመድ ጡረተኛ ቢኖር ከእሷ ጋር እኩል ቁጥር ያገኛል። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ጡንቻዋም ልቧም በእርግጥ ሠርተዋል። ግን የሁለቱ እርምጃ አንድ ነው ብሎ በሙሉ አፉ የሚናገር ማን ነው?

የሚገርመው፣ አካልም አንድ ነው አለማለቱ ነው። በዴንማርክ አንድሬያስ ሆልተርማንና ባልደረቦቹ በኮፐንሃገን አካባቢ ከ100 ሺህ የሚበልጡ ጎልማሶችን የተከታተለ መረጃ መርምረው በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጡት ውጤት፣ በመዝናኛ ጊዜያቸው ብዙ የሚንቀሳቀሱት የልብ በሽታና የሞት አደጋቸው ሲቀንስ፣ በሥራቸው ላይ ብዙ የሚንቀሳቀሱት ግን አደጋቸው ከፍ ብሎ መገኘቱን ያሳያል። ምክንያቱ ምን ይሆናል ለሚለው ተመራማሪዎቹ የሚያቀርቡት ግምት ለእኛ ለኪነ ጥበብና ለፍልስፍና ሰዎችም የሚሆን ነው። የሥራ እንቅስቃሴ ረጅም ሰዓት ይወስዳል፤ ማረፊያ የለውም፤ ሸክሙ የደም ግፊትን ከፍ አድርጎ ያውላል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሠራተኛው መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያርፍ ራሱ አይወስንም። (የሞሪስ ትኬት ቆራጮችም ደረጃ የሚወጡት ለሥራ ነበር፤ ስለዚህ ነገሩ ሥራ ሁሉ ይጎዳል ወደሚል ቀላል ደንብ አይወርድም። ክርክሩም ገና አልተዘጋም።) ዴንማርክ ራያ አይደለችም፤ የዚያን አገር ቁጥር እንዳለ አምጥተን ቆቦ ላይ አንለጥፍም። ነገር ግን አንዲት እርምጃ ከሌላዋ የምትለየው በርቀቷና በፍጥነቷ ብቻ ሳይሆን የተራማጁ በመሆኗና ባለመሆኗም ጭምር ነው ለሚለው ሐሳብ ከዚህ የተሻለ ምስክር አላገኘንም።

የቀድሞ ተማሪዎች እንደ መፈክር አዘውትረው ያነሡት የነበረ አንድ ሐሳብ አለ፤ ኤንግልስ ከሄግል ተቀብሎ ነፃነትን ግዴታን ከመረዳት ጋር ያዛመደበት። በጊዜው ብዙ ወረቀት አስጨርሷል። እኛ ግን ይህን ሐሳብ ጀሪካን ተሸካሚዋ ፊት ስናቀርበው ያፍርብናል። ግዴታን እሷን ያህል የተረዳ የለም። ውሃው የት እንዳለ፣ መንገዱ ስንት እንደሚፈጅ፣ ፀሐይ ከመበርታቷ በፊት በስንት ሰዓት መነሣት እንዳለባት ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ነፃ ግን አልሆነችም። ነፃ የሚያወጣት ቧንቧው ቀርቦላት፣ ያቺ የተረፈቻት ሰዓት ስትመጣ ልትቀመጥ ወይም እኅቷን ልትጠይቅ ልትሄድ ስትችል ነው። ያን ጊዜም ልትራመድ ትችላለች። እርምጃዋ ግን የእሷ ይሆናል።

ቋንቋችንን ብንጠይቀው ተመሳሳይ ነገር ይነግረናል። ለመሄድ ሲባል ብቻ ለሚደረግ ጉዞ ያለን ቃል እጅግ ጥቂት ነው። ሽርሽር አለ፤ እሱ የበዓል ሽታ አለው። ተማሪው ወክ ይላል፤ እሱም ከውጭ የመጣ ነው። «እግር ጥሎኝ መጣሁ» የሚለው አነጋገር ደግሞ ሰው ያለ ጉዳይ መምጣቱን በእግሩ ያሳብባል፣ ልክ ያለ ጉዳይ መሄድ ይቅርታ የሚያስፈልገው ይመስል። በአንጻሩ ጥላ የሚለው ቃል ሀብታም ነው። ጥላ የፀሐይ መከለያ ነው፤ ጥላ ከለላ ስንል ጠባቂ፣ አለኝታ ማለታችን ነው፤ ጃንጥላ ስንል ደግሞ ጃን የሚለው በጃንሆይና በጃንሜዳ ውስጥ ያለው ያው ጃን ነው ይባላል። እንደዚያ ከሆነ ጃንጥላ መጀመሪያ የንጉሥ ጥላ ነበር። አንድ ሰው በፀሐይ እየሄደ ለሌላው ጥላ ይይዛል። ማን በጥላ ሥር ይሄዳል፣ ማን ጥላ ተሸክሞ በፀሐይ ይሄዳል የሚለው ጥያቄ የማዕረግ ጥያቄ ነበር ማለት ነው።

ነበር ብቻ ነው ወይ? በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ያለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ቀድሞ ገነተ ልዑል የሚባል ቤተ መንግሥት ነበር፤ ለዩኒቨርሲቲ የተሰጠው ከታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ነው። የትናንቱ የንጉሥ አትክልት ቦታ የዛሬ ተማሪ ጥላ ሆነ። መልካም ነው። ግን አጥሩ አሁንም አለ። በየክልሉ ያሉት አዳዲሶቹ ግቢዎችም ቢሆኑ ቤተ መንግሥት አልነበሩም እንጂ አሠራራቸው ያው ነው፦ ውስጡ የተተከለ፣ የሚጠጣ፣ የእግረኛ መንገድ የተነጠፈለት፤ ከአጥሩ ውጭ ደግሞ አቧራ። እኛ የምንኖረው በአረንጓዴና ለእግር በተመቸ ሰፈር ውስጥ ነው። ከመኝታ ቤት ወደ ክፍል፣ ከክፍል ወደ ካፌ፣ ከካፌ ወደ ቤተ መጻሕፍት፣ ማታ ደግሞ ያቺ የማትቀረው ዙረት። ማንም እንቅስቃሴ አድርጉ አላለንም።

እዚህ ላይ ተጠራጣሪው አንድ ጥሩ ጥያቄ ያነሣል። ምናልባት መራመድ የሚወዱ ሰዎች ናቸው አረንጓዴ ሰፈር መርጠው የሚገቡት፤ ስለዚህ ሰፈሩ ሰውን አልለወጠም፣ ሰው ሰፈሩን መረጠ እንጂ። በሳሊስ ጥናት ላይም ይህ ጥርጣሬ ሊነሣ ይችላል። እኛ ግን የመጣነው በምደባ ነው! ምርጫ ብንሞላም የሚወስነው ሌላ ነው፤ ዛፍ አይቶ ዩኒቨርሲቲ የመረጠ ተማሪ እስካሁን አላጋጠመንም። የቆቦ ልጅ ደጋ ይመደባል፤ የደጋ ልጅ ቆላ ይመደባል፤ የትም ቢመደብ ግቢው ካስኬደው ይሄዳል። ከተመረቀ በኋላ ከወንበርና ከባጃጅ በቀር የማያውቅ ሠራተኛ ሲሆን ደግሞ ያንኑ ሰው ስናየው አንገቱ ጠፍቶ እናገኘዋለን። ይህ ጥናት አይደለም፣ ትዝብት ነው፤ ግን ሁላችንም ታላላቆቻችንን እናውቃለን።

ወደ ቆቦ እንመለስ፤ ምክንያቱም ባጃጁ እዚያም ደርሷል። ዛሬ ከተማው ውስጥ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ለመሄድ ወጣቱ እጁን ያነሣል። ስንፍና ነው ብለን ልንወቅሰው እንችላለን፤ ሽማግሌዎቹ ይወቅሱታል። እኛ ግን ከመውቀሳችን በፊት ሰማይ እንይ። ቆቦ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ12 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። ስለዚህ በሚያዝያ አጋማሽ ገደማ፣ እንደገናም በነሐሴ አጋማሽ ገደማ፣ በቀትር ፀሐይ ልክ በአናት ላይ ትቆማለች። ነሐሴ ደመና አለው። ሚያዝያ ግን የለውም፤ ቢኖረውም አይታመንም። ፀሐይ በአናት ላይ ስትቆም የግድግዳ ጥላ ግድግዳው ሥር ገብቶ ይጠፋል፤ ቤትህ ስንት ፎቅ ቢሆን ለመንገደኛው አንድ ስንዝር አያተርፍም። በዚያ ሰዓት ጥላ ሊሰጥ የሚችለው ከራስ በላይ የተዘረጋ ነገር ብቻ ነው፤ ዳስ፣ ወይም ቅርንጫፍ። ዳስ ደግሞ ለሰርግና ለለቅሶ ነው የሚጣለው።

ነገሩ ረቂቅ አይደለም። የከተማይቱ ዋና መንገድ ከደቡብ ወደ ሰሜን ነው የሚሄደው። ጠዋት ተማሪው ትምህርት ቤት ሲሄድ ፀሐይ ከዞብል በኩል ትወጣለች፤ በምሥራቅ ዳር የተተከለ ዛፍ ያኔ መንገዱን ያለብሰዋል። ከሰዓት በኋላ ገበያተኛው ሲመለስ በምዕራብ ዳር ያለው ተራ ይረከባል። በሁለቱም ዳር ካለ በቀትርም ይገናኛል። ኒም በቆላ ከተሞች ሙቀቱን ችሎ ሲቆም ታይቷል፤ ገባና ግራርም የአገሩ ናቸው፤ ሰፋ ያለ ቦታ ካለ ዋርካ ማንንም አያሳፍርም፣ ሥሩ አስፋልቱን ካልገለበጠው። ዛፍ ፀሐይን ከመጋረዱም ሌላ በቅጠሉ ውሃ እየተነፈሰ ሥሩ ያለውን አየር ያቀዘቅዛል፤ የዛፍ ጥላ ከቆርቆሮ ጥላ የተለየ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልግም፣ አንድ ጊዜ ከቆርቆሮ ሥር መቆም ይበቃል።

ታዲያ ዛፉን የምንተክለው ወጣቱ ከባጃጅ ወርዶ እንዲራመድ፣ የሚራመድበትም ደቂቃ ተደምሮ 150 እንዲሞላ ነው? ይህ መጥፎ ምክንያት አይደለም። ግን ሁለተኛ ምክንያት ነው እንላለን። የመጀመሪያው ምክንያት፣ ዛሬ በዚያ መንገድ ላይ ያለ ምርጫዋ የምትሄደው ሴት ናት። ለእሷ ጥላው አንዲት እርምጃ አይጨምርላትም፤ ጥንቱንም ትሄዳለችና። ስለዚህ በጥናት ቢለካ ዛፉ በእሷ ላይ ያመጣው ለውጥ ዜሮ ነው ይባላል። መጠይቁም ከመተከሉ በፊትና ከተተከለ በኋላ ያንኑ 1,680 ይጽፍላታል። የሚለወጠው ግን ያልተጠየቀው ነገር ነው፦ ሸክሟን አውርዳ የምትቆምበት ቦታ አገኘች ወይስ አላገኘች? ከሌላ ሴት ጋር ቆማ አወራች ወይስ አንገቷን ደፍታ አለፈች? እስከ አሁን አንባቢ ካልተሰላቸብን፣ የጽሑፋችን ጭብጥ ይህ ነው፤ አረንጓዴ መንገድ ሰውን ለማስኬድ የሚዘረጋ ወጥመድ ሳይሆን ለሚሄድ ሰው የሚከፈል ዕዳ ነው። ሌላው ሁሉ፣ ጤናውም ጭምር፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ትርፍ ነው።

ዕዳ ስንል ከየት የመጣ ዕዳ? የከተማይቱ ማዘጋጃ ቤት በሌለበት ዘመንም ቢሆን የዚህ አገር ሰው መንገደኛን በጥላ የመቀበል ግዴታ እንዳለበት ያውቅ ነበር። የራያ ሰው መስጊድ ይግባ ቤተ ክርስቲያን ይሳም፣ ሁለቱም ወገን አብርሃምን አባቴ ይለዋል፤ አብርሃም ደግሞ እንግዶቹን የተቀበለው በመምሬ የአድባር ዛፍ ሥር ነው፣ መጀመሪያም ያቀረበላቸው ከምግቡ በፊት እግር መታጠቢያ ውሃና ከዛፉ ሥር ማረፊያ ነበር። እስላሙ ዛፍ መትከልን ተካዩ ከሞተም በኋላ የማይቋረጥ ሰደቃ አድርጎ ይቆጥረዋል። ሽማግሌዎች ደም ሊያደርቁ፣ ዕርቅ ሊያወርዱ ሲቀመጡ የሚቀመጡት ዛፍ ሥር ነው። ያን ዛፍ ማን ተከለው ቢባል ብዙ ጊዜ መልስ የለም። የተከለው ወይም ሳይቆርጠው ያለፈው ሰው ማን እንደሚያርፍበት አያውቅም፤ ያረፈውም ማንን እንደሚያመሰግን አያውቅም። ከቸርነት ዓይነቶች ሁሉ ለይሉኝታና ለውለታ ቆጠራ የማይመቸው ይህ ይመስለናል።

ከዚህ ጋር የዘመናችንን ተከላ እናስተያይ። በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ሲጀመር ሐምሌ 22 ቀን በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ተነግሯል። ዘመቻውን ለማጣጣል አንነሣም፤ ከመቁረጥ መትከል ይሻላል። ግን ሐምሌ መትከል ቀላል ነው፤ ዝናቡ ያግዛል፣ ካሜራውም አለ። ችግኝ ዛፍ የሚሆነው በጥርና በየካቲት፣ በሚያዝያና በግንቦት ነው፤ ፍየሏ ስትመጣ የሚያባርራት፣ አፈሩ ሲሰነጠቅ አንድ ጣሳ ውሃ የሚያፈስ ሰው ሲኖር። በዚያ ወር የተቆጠረ ችግኝ ቢኖር ያንን ቁጥር ደስ ብሎን እንሰማለን። በአዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» የተባለው ዝግጅት መኪናዎችን ለጥቂት ሰዓት አስቁሞ ልጆችን አስፋልት ላይ አስሩጧል፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኮሪደር ልማት ሰፋፊ የእግረኛ መንገድ ዘርግቷል። ይህም ሌላ ክርክር አለው፤ በአዲሱ መንገድ ላይ የሚራመደው ቀድሞ እዚያ ይኖር የነበረው ነው ወይ የሚል። ወደዚያ ብንገባ ግን ከቆቦ እንርቃለን።

የመጨረሻውንና ከባዱን ተቃውሞ ሳናነሣ ብናልፍ ግን ፈሪ እንባላለን። «በ1977 ዓ.ም. ይህ ሕዝብ በረሀብ ተነድቶ ወደ ቆረም፣ ወደየእህል ማከፋፈያው በእግሩ ሲጎርፍ ጥላ አልነበረም የጎደለው፤ እህል ነበር። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ከቆቦ ወደ ወልድያና ወደ ደሴ የተሰደደው ሰው የጎደለው ሰላም ነበር። በሰዓት እላፊ ከቤቱ መውጣት ላልቻለ ሰው ስለ እግረኛ መንገድ ታወሩለታላችሁ?» የሚል ነው። ይህን የሚለው ሰው ትክክል ነው፤ ቅደም ተከተሉ ሊገለበጥ አይችልም። እህል ከጥላ ይቀድማል፣ ሰላምም ይቀድማል። ነገር ግን ይህ መልስ አንድ ነገር ያስረሳል። በረሀቡም በጦርነቱም ጊዜ የሰውየው ሀብት እግሩ ብቻ ነበር። ሁሉ ነገር ከድቶት ያልከዳው አካሉ እሱ ነው። ታዲያ እህል በተገኘ ጊዜ፣ ሰላም በሆነ ጊዜ፣ መጀመሪያ የምናስበው ለጎማ ነው፤ አስፋልቱ ለመኪና ይዘረጋል፣ እግረኛው ወደ ቦዩ ጠርዝ ይገፋል። «ቆይ፣ ተራህ ይደርሳል» እየተባለ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ተራው መቼ ነው ቢል ምን እንመልስለታለን?

ውሃስ? የሚለው ጥያቄም አለ፤ የቆቦ ሰው ይህን ሳይጠይቅ አያድርም። ውሃ ለማሽላው ባልበቃበት ለኒም ማጠጣት ዕብደት አይደለም ወይ? ችግኝ የሰው እጅ የሚፈልገው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት በጋዎች ነው፤ ከዚያ ሥሩ ወርዶ ራሱን ይችላል። የሜዳው ከርሰ ምድር ውሃ እንዳለው ደግሞ በቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም የተቆፈሩት ጉድጓዶች አሳይተዋል። ማሽላ አጠገብ የሚቆም አንድ ተራ ዛፍ ጥያቄው የብዛት አይደለም፤ የማን ነው የሚል ነው።

እኛንም እርስ በርስ ያላስማማን ይኸው ነው። ከመካከላችን ገሚሱ ዛፉን ማጠጣት ያለበት ማዘጋጃ ቤቱ ነው ይላል፤ ግብር የሚሰበስበው እሱ ነውና፣ ለመንገደኛም የሚቆም ሌላ አካል የለም። ሌላው ገሚስ ባለሱቁ ይሁን ይላል፤ በደጁ ያለ ዛፍ ደንበኛ ያቆምለታል፣ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት የፊቱን መታጠቢያ ውሃ እንኳ ቢደፋለት ይበቃዋል። ባለሱቅ ዘመድ ያለው ጓደኛችን ግን በዚህ ሣቀ። «ዛፉ ሲያድግ የሱቁን ማስታወቂያ ይሸፍነዋል፤ በሦስተኛው ዓመት ራሱ ነው በማታ የሚቆርጠው» አለን። አንዷ ጓደኛችን ደግሞ ውሃውን መጨረሻ ላይ የሚሸከሙት ያው ሴቶቹ እንዳይሆኑ እፈራለሁ አለች፤ በዚህ ጊዜ ሁላችንም ዝም አልን። ለዚህች ለመጨረሻይቱ መልስ ያለው፣ በተለይም ከቆቦ፣ ከዋጃና ከሮቢት የመጣችሁ፣ ጽፋችሁ ለዝግጅት ክፍሉ ብትሰጡን በሚቀጥለው ቅጽ እናወጣዋለን።